የጥንዚዛው ጀርባ

ዳምጤ ሥራ የሚጀምረው በር በመዝጋት ነው። መጀመሪያ የመስኮቱን መዝጊያ ይገጥማል፤ ቀጥሎ የበሩን መወርወሪያ ይቀረቅራል፤ ከዚያ በእግሩ ጣት እየረገጠ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለው የጭቃ ቤቱ ወለል ጣውላ ስለሆነ፣ ሰው በረገጠ ቁጥር ጠረጴዛው ይርዳል፤ በበሩ ስንጥቅ የምትገባ ትንፋሽ የምታህል ነፋስም የጥንዚዛን ቀንድ ታነቃንቃለች። ፎቶ የሚበላሸው እንዲህ ነው።

የሚያነሳው ነፍሳትን ነው፤ ለእርሻ መጻሕፍት። ከገብስ ቅንጣት የማይበልጥ ፍጡር ገጽ ሞልቶ እንዲታይ፣ በካሜራውና በሌንሱ መካከል ውስጣቸው ባዶ የሆነ ማራዘሚያ ቀለበቶች ይደረድራል። ቀለበት በተጨመረ ቁጥር ነገሩ ይቀርባል፣ ብርሃኑ ግን ይቀንሳል፤ ጠርቶ የሚታየውም ክፍል እየሳሳ ሄዶ የፀጉር ውፍረት ያህል ይቀራል። ስለዚህ አንድ ፎቶ አይበቃም። ካሜራውን የተሸከመውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ፣ አንዴ ዓይኑን፣ አንዴ ክንፉን፣ አንዴ ጀርባውን አጥርቶ ደጋግሞ ያነሳል፤ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ፎቶ የጠራውን ብቻ ለቅሞ በአንድ ላይ ይደርበዋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው አይችለውም። እሱ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ባለ ቁጥር ወለላ እየሳቀች፣ "አባዬ፣ ያንተ እንቁላልማ ገና ጥፍር እያበቀለ ነው" ትለው ነበር።

ወለላ አንድ ልጁ ነበረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱም ሥራውም የሁለቱ ነበር፤ እሷ ትለቅማለች፣ እሱ ያነሳል። በግንቦት ጥንዚዛ ፍለጋ አባይ በረሃ ወርዳ ወባ ይዟት ተመለሰች፤ ብዙም አልቆየች። በትኩሳቷ መሀል ደጋግማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አባዬ፣ በሩ ተዘግቷል?" የሥራው ልማድ እያስቃዣት መስሎት፣ እጇን ይዞ "ተዘግቷል ልጄ፣ ተዘግቷል" ይላት ነበር።

ጉዱ የታየው በለቅሶው ዕለት ነው። ፎቶዋ ይምጣ ሲባል፣ ስልኳ በረሃ ወድቆ ቀርቷልና የተገኘው የመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ብቻ ሆነ። ቢያሳድጉት ፊቷ ውሃ እንደ ነካው ወረቀት ደበዘዘ። ታላቅ እህቱ ዘርትሁን ደረቷን እየደቃች፣ "የፎቶ አንሺ ልጅ በጉርድ ፎቶ ይለቀስላት? የትሉን ሁሉ ዓይን ስታነሳ ኖረህ የልጅህ መልክ ይጥፋ?" አለች። ሰው ሁሉ ሰማ። አሁን የመቃብሯ ሐውልት ተሠርቶ አልቋል፤ ፎቶ የሚገባበት ክብ ቦታ ግን ባዶውን ቀርቷል። ከሁሉ የባሰው፣ ዳምጤ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር መልኳ እየራቀው መሆኑ ነው። አንዴ ብቻ ጥርት አድርጎ ሊያያት ይፈልጋል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት በአንድ የነሐሴ ከሰዓት፣ ከበረሃ ያመጣችውን የመጨረሻ ጥንዚዛ ከብልቃጡ አወጣ። ጥቁር ነው፤ ጀርባው የተወለወለ። በመርፌ ወግቶ አቆመውና ማንሳት ጀመረ። በሚያብለጨልጨው ጀርባ ላይ ክፍሉ በሙሉ ተጨምቆ ይታያል፤ መብራቱ፣ ጎንበስ ያለው እሱ ራሱ፣ ከኋላው የተዘጋው በር። በሩ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ነገር። አቧራ መስሎት በብሩሽ ጠረገና እንደገና አነሳ፤ አልጠፋም። ዞር ብሎ አየ። በሩ እንደተዘጋ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

እንዲህ ባለ ጀርባ ላይ የሚያርፍ ምስል ከላዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ዳምጤ ይህን ስለሚያውቅ፣ ጥራቱ ከጥንዚዛው ጀርባ አልፎ ወደ ውስጥ እንዲያርፍ ብሎኑን አዞረው። የነጣው ነገር ጫፉ ጠራ፤ አረንጓዴ ጥለት ያለው የቀሚስ ጠርዝ፣ ከጠርዙ በታች ባዶ ተረከዝ።

ጥለቱን ያውቀዋል። ለጥምቀት ያሰፋላት ነው።

"ወለላ?" አለ። አልፈራም፤ ተንሰቅስቆ አለቀሰ እንጂ።

ከዚያ ወዲያ ጥንዚዛውን ከመርፌው አላወረደውም። በየቀኑ ቤቱን አጨልሞ ሲያነሳ፣ አንዱ ፎቶ ላይ እጅጌዋ፣ ሌላው ላይ ክርኗ፣ ሌላው ላይ የሹሩባዋ ጫፍ ይጠራል፤ ፊቷ ግን አይመጣም። እሷም ከበሩ ንቅንቅ አትልም። ዝናቡ ጋብ ሲል የበሩ ጣውላ ከባድ ነገር እንደተደገፈው ሲጥ ይላል፤ የምትቀባው የቅቤ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ ከቅቤው ስር ደግሞ ፀሐይ ያላየው የወንዝ ጭቃ ሽታ። ሁለተኛውን ሽታ ዳምጤ ከነፍሳቱ ብልቃጦች የመጣ አድርጎ ተወው።

አንድ ቀን ዘርትሁን ምሳ ይዛለት መጣች።

"ዳምጤ! ክፈት እንጂ፣ ዝናብ በላኝ!"

ከፈተላት። ገና ከመግባቷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። "ኧረ ምንድን ነው የሚሸተው? በሩንስ ምን ነካው? ውጭው እንዳለ ተቧጭሯል።"

"ጅብ ይሆናል።"

"ጅብ እንዲህ ከላይ ድረስ ይደርሳል?"

ዳምጤ ምሳውን ተቀብሎ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ፣ ወለላ እዚህ ናት። በሩ ጋ ቆማለች። አልቀርብ አለችኝ" አላት።

ዘርትሁን አማተበች። ከዚያ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። "ወንድሜን፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። እህል ቅመስ።" ትንሽ አባብላው ስታበቃ፣ ለማጽናናት ያህል፣ "እንዴትስ ትቅረብህ፣ ቀኑን ሙሉ በር ዘግተህባት?" አለችው።

እሷ ለአፏ ያህል ያለችው ነው። እሱ ልቡ ውስጥ አስገባው።

እህቱ እንደሄደች በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደገፈው። በዕድሜው በር ከፍቶ ሲያነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው። ውጭው ከጉም በቀር አይታይም። ሦስተኛውን ቀለበት ጨመረ፤ ምስሉ በጣም ቀረበ፣ በጣምም ጨለመ። አነሳ። ብሎኑን አዞረ። አነሳ።

መጣች። በእያንዳንዱ ፎቶ ትንሽ፣ ትንሽ ወደ እሱ ቀረበች፤ መጀመሪያ ከደጃፉ ገባ አለች፣ ቀጥሎ ከአልጋው ጎን ደረሰች፣ ኋላም ከወንበሩ ጀርባ። ተረከዞቿ ጣውላው ላይ ሲጎተቱ የሚሰማ መሰለው። "ነይ ልጄ፣ ነይ እናቴ" ይላል፣ እንባው በአፍንጫው እየወረደ፣ ጣቱ ካሜራው ላይ። የቅቤው ሽታ ማጅራቱ ላይ ደረሰ። ወደ ኋላው አልዞረም፤ ቢንቀሳቀስ ፎቶው ይበላሻል።

የመጨረሻዋን አንስቶ ሁሉንም ለኮምፒውተሩ ሰጠ። ማሽኑ ከየፎቶው የጠራውን እየለቀመ ከታች ወደ ላይ ይደርብ ጀመር። ጥለቱ ወጣ። ወገቧ ወጣ። ዳምጤ እጆቹን እንደ ጸሎት ገጥሞ ፊቷን ጠበቀ።

ፊት አልመጣም። የመጣው ማጅራቷ ነው፤ ሹሩባዋ በጀርባዋ ላይ ተበትኖ። ያን ጊዜ ነው ያ ሁሉ ተረከዝ ለምን እንደሆነ የገባው። ወለላ ወደ እሱ አልመጣችም። ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ሁለት እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ነበር የቆመችው፤ እየተገፋች ነው የቀረበችው። በክንዶቿ ላይ የተጠመጠሙት ረጃጅም ጣቶች የእሷ አልነበሩም። ከራሷ በላይ ያለውን ኮምፒውተሩ ገና ደርቦ አልጨረሰም፤ ዳምጤም እስኪጨርስ ማየት አልቻለም።

"አባዬ፣ በሩ ተዘግቷል?"

በትኩሳቷ መሀል ለምን እንዲህ ትጠይቀው እንደነበር አሁን ገባው። ሊዘጋው ከወንበሩ ብድግ ሲል የቅቤው ሽታ ድንገት ጠፋ፤ የቀረው የጭቃው ብቻ ነበር።

ከኋላው ድንጋዩ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ተገፋ፣ በሩም በቀስታ ተዘጋ፣ መወርወሪያውም ከውስጥ በኩል ተቀረቀረ።