ፊልተሩ ላይ የተገጠመው ሁድ

የአቶ ወልደ ማርያም አስከሬን ከፏፏቴው ሥር ሲገኝ፣ ካሜራቸው ከላይ ከገደሉ አፋፍ በስታንዱ ላይ እንደ ቆመ ነበር። አስከሬኑን ያዩት ገበሬዎች የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ሸፈኑበት፤ ካሜራውን ግን ፈርተው አልነኩትም። ኢንስፔክተር ሀሚዳ ናስረዲን ከሆሳዕና ስትደርስ አስከሬኑን አየች፤ ከዚያ ዳገቱን ወጥታ ካሜራው ፊት ቁጢጥ አለች። እዚያው ቆየች።

አብሯት የመጣው ሳጅን ጠና ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው» አላት። «ሽማግሌው ብቸኛ ነበሩ፤ ራሳቸውን ወረወሩ። ከተማው ሁሉ የሚለው ይኼንኑ ነው።»

«ከተማው መቼ ደርሶ ነው? እኛ ገና አሁን መምጣታችን!»

ምን ይደረግ፣ ሆሳዕና ላይ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም፤ በእግሩ ቀድሞ ይደርሳል።

ሀሚዳ ጓንቷን አጥልቃ ካሜራውን መረመረች። ዋጋው መጠነኛ የሆነ የጀማሪ ካሜራ ነው። ሌንሱ ላይ ጠቆር ያለ ክብ መስታወት ተጠምዝዟል፤ ፊልተር ነው። ከፊልተሩ ላይ ደግሞ ሁድ የሚሉት የፕላስቲክ ከለላ ጥብቅ ብሎ ተገጥሟል። ካሜራው ሰው ሳይነካው፣ ጥቂት ጠብቆ በራሱ እንዲያነሳ ተደርጓል። ሚሞሪው ግን ባዶ ነው፤ አንድም ፎቶ የለበትም። ከስታንዱ ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ በእጅ የተሰፋች ክብ የጨርቅ ከረጢት አገኘች፤ እሷም ባዶ ናት።

«ሊሞት የመጣ ሰው» አለች ሀሚዳ ቀስ ብላ፣ «ራሱን ፎቶ ለማንሳት ይሰናዳል?»

«ለመታሰቢያ ይሆናላ።»

«እሺ፤ መታሰቢያው ታዲያ የታለ?»

ጠና ቦርሳውን እንደገና ይፈትሽ ጀመር።

አቶ ወልደ ማርያም ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሰሜን ተመድበው መጡ፤ እዚሁ አስተማሩ፤ ሚስታቸውንም እዚሁ ቀበሩ። የከተማው ግማሽ ተማሪያቸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንገድ ላይ «ቲቸር!» ብሎ እጁን የሚያነሳላቸው ሞልቷል፤ ቁጭ ብሎ የሚያወራቸው ግን አልነበረም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንላለን፤ ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ መድኃኒቱን የሰጣቸው ግን ጠፋ።

አንዲት ልጃቸው አዜብ ከአዲስ አበባ መጣች። አስከሬኑ ከምርመራ ተመልሶ ቀብሩ ለማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተቀጠረ። ይሁንና የነፍስ አባታቸው ቄስ ሚካኤል ነገሩ ከብዷቸው ነበር።

«ልጄ፣ በገዛ እጁ ከሆነ ፍትሐት ላደርግለት ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም» አሏት። «ፖሊስ ቁርጡን ይንገረኝ።»

አዜብ ሀሚዳን የግቢው በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«የሞተ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ በኋላ እደውላለሁ ብዬ ተውኩት» አለቻት። «እኔ ነኝ አይደል የገደልኩት?»

ሀሚዳ የያዘችውን ማስታወሻ ደብተር አጠፈችው።

«አስከሬኑ ፊት የምንይዘው ፎቶ እንኳ የለንም። ማን ያንሳው? በቀደም ‹አባዬ፣ ፎቶህን ላክልኝ› ብለው፣ ‹ትንሽ ጠብቂኝ፣ ጥሩ አድርጌ እልክልሻለሁ› አለኝ። ይኸው እየጠበቅሁ ነው።»

«እስከ ነገ ጠዋት ስጪኝ» አለቻት ሀሚዳ፤ ሌላ የምትሰጣት ነገር አልነበራትም።

መጀመሪያ ያናገረችው አከራያቸውን ወይዘሮ ከበቡሽን ነው። ክፍሉን ለልጃቸው ፈልገውት «ይልቀቁልኝ» ካሉ ወዲህ ከሽማግሌው ጋር መኮራረፋቸውን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

«አዎ ተኮራርፈናል፤ ልዋሽ እንዴ?» አሉ ከበቡሽ። «ግን በዚያው ሰሞን ሬዲዮናቸውን ይዘው መጡና ሰጡኝ። ‹እኔ አሁን ካሜራ አለኝ፤ ጓደኛ አግኝቻለሁ› አሉኝ። ሰው ይኼን ሰምቶ ነው ‹ሊሞት ሲል ዕቃውን አከፋፈለ› የሚለው።»

«ስልካቸውንስ ለምን ቤት ተዉት?»

ሴትዮዋ ጓዳ ወዳለችው አዜብ ሰረቅ አድርገው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «‹ጋሽ ወልዴ፣ ስልክዎን ረሱ› ብላቸው፣ ‹ማን ሊደውልልኝ ከበቡሽ?› ብለው ሄዱ። ያቺ ቃል አንጀቴን በላችው።»

ሀሚዳ ከረጢቷን አሳየቻቸው።

«ውይ! እኔ ነኝ የሰፋሁላቸው። ለዚያች ለፕላስቲክ ቆቧ ነች። ‹መስታወቱ ሲገጠም እሷ መውለቅ አለባት፤ ማደሪያ ስሪላት› አሉኝ። የቱ ከየቱ እንደሚገጥም እኔ ምኑን አውቄ!» ሊስቁ ብለው እንባቸው ቀደማቸው።

የካሜራ ዕቃ የሚሸጡት ጋሽ ፈትሁዲን ሱቅ ገበያው አጠገብ ነው። ባለፈው ወር አቶ ወልደ ማርያም በሱቁ በር ላይ «ሌባ!» እያሉ ሲጮኹ መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። ሀሚዳ ይህንኑ ስታነሳባቸው ፈትሁዲን አልካዱም።

«ጥፋቱ የእኔ ነበር ልጄ። ለዚያች ለጀማሪ ካሜራ ትልቅ ሆልደር ሸጥኩላቸው፤ ፊልተር የሚሰካበት መያዣ። ለሌንሳቸው ሰፋ፣ ተንገዋለለ። ‹ለሕፃን የአባቱን ጫማ ሸጥክልኝ› ብለው አዋረዱኝ። እኔም ልኩን ክብ ፊልተር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ቀየርኩላቸውና ታረቅን። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጡ እዚች በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። የሚገዙት የለ፣ የምሸጠው የለ፤ እንዲያው ስንጨቃጨቅ ይመሻል።» ይህን ሲሉ በርጩማዋን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።

«ፊልተሩ ምን ያደርጋል?»

«ፖላራይዘር ይባላል። ውሃ ላይ የሚያብለጨልጨውን ያጠፋል። ግን ስለገጠምሽው ብቻ አይደለም፤ ፊቱ ላይ ያለውን ቀለበት በጣትሽ ማዞር አለብሽ። ስታዞሪው ነጸብራቁ ይጠፋና ከሥር ያለው ድንጋይ ወለል ብሎ ይታይሻል። ትንሽ ስትጨምሪበት ደግሞ ይመለሳል።»

«ሁዱስ?»

«እሱ የጎን ፀሐይ ይከለክላል፣ ሌንስ ከጭረት ያድናል። ችግሩ የእሳቸው ሁድ ረጅም ነው፤ ከተገጠመ ጣት አያስገባም፣ ቀለበቱ አይዞርም። ‹ወይ ሁዱን ወይ ፖላራይዘሩን ይምረጡ› ብያቸው ነበር። ለውሃ ሁዱን ማውለቅ፣ ለሌላው መግጠም፤ እዚሁ ተቀምጠን ስንቴ ተለማመድነው መሰለሽ!»

ሀሚዳ አመስግና ወጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆም ብላ በርጩማዋን አየቻት።

ቀጥላ የሄደችው ወደ ሱራፌል ስቱዲዮ ነው። ሱራፌል የከተማው ስመ ጥር የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ የአቶ ወልደ ማርያም የድሮ ተማሪ ነው። ካሜራ አያያዝ ያሳያቸውና ፎቷቸውን የሚያትምላቸው እሱ ነበር።

«ቲቸር ለእኔ አባቴ ማለት ናቸው» አለ። ለሠርግ ሊወጣ ካሜራውን ከሻንጣው አውጥቶ፣ ዓይኑ እሷ ላይ እንደሆነ፣ እጁ ሁዱን ፈልጎ ቀጭ አድርጎ ገጠመው።

«ሳታየው ነው የምትገጥመው?»

ሳቀ። «ሠርግ ላይ ያለ ሁድ መውጣት ራቁት መውጣት ነው ኢንስፔክተር! ሰው ይጋፋል፣ የሕፃን ጣት ሌንሱ ላይ ያርፋል። ደግሞም ካሜራው ገዘፍ ካላለ ደንበኛ አያከብርም። ካሜራ እጄ ከገባ እሱም ይገጠማል፤ አላስብበትም።»

«ፏፏቴው ጋ አብረሃቸው ትሄድ ነበር?»

«ድሮ። አሁን ጊዜም የለኝ። ያሳዝናል፤ ብቸኝነት ነው እዚያ ያደረሳቸው።»

ሀሚዳ ከስቱዲዮው ወደ ባህል አዳራሹ ተሻገረች። የፎቶ ዐውደ ርዕይ እየታየ ነበር። መሀል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ፎቶ ያው ፏፏቴ ነው። ከአፋፉ ኩሬ ሥር ያለው ጠጠር ሁሉ፣ ውሃ የሌለ ይመስል፣ አንድ በአንድ ይታያል። አዲስ አበባ ለውድድር የተመረጠው እሱ ነው አሉ። ከሥሩ «ፎቶ፦ ሱራፌል» ይላል።

«ጠና» አለች፣ «ፍርድ ቤት ሄደህ የስቱዲዮውን መበርበሪያ ፈቃድ አውጣልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በሟቹ ጠባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አዜብ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ቄስ ሚካኤልና ወይዘሮ ከበቡሽ ወንበር ላይ፣ ፈትሁዲንና ሱራፌል ቆመው። መስኮቱ ሥር ውሃ የሞላ ሳፋ ተቀምጧል፤ በውስጡ ድንጋይ አለ፤ የመስኮቱ ብርሃን ግን ውሃው ላይ እያንጸባረቀ ድንጋዩን ጋርዶታል። ጠረጴዛው ላይ የአቶ ወልደ ማርያም ካሜራ፣ ፊልተሩና ሁዱ ለየብቻ ተደርድረዋል።

«ሱራፌል» አለች ሀሚዳ በለዘበ ድምፅ፣ «የአዳራሹን ፎቶ አየሁት፤ ወደድኩት። ነጸብራቁን እንዴት እንዳጠፋኸው እስቲ በዚህ ሳፋ አሳየን።»

ሱራፌል ትንሽ ቢያቅማማም የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነበር። ካሜራውን አነሳ። ፊልተሩን ሌንሱ ላይ ገጠመ። ወዲያው እጁ ሁዱን አንስቶ ቀጭ አደረገው። አጎንብሶ አየ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። ነጸብራቁ እንዳለ ነው።

«አይጠፋም?» አለች ሀሚዳ።

«ብርሃኑ... ብርሃኑ አይመችም።»

ፈትሁዲን አላስቻላቸውም። «ሁዱን አውልቀህ ቀለበቱን አዙረዋ! ምን ነካህ?»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ ፏፏቴው ላይ የሠራውን እዚህም በሰው ፊት ደገመው።

«ገደሉ ላይ ካሜራውን ያገኘሁት ልክ እንደዚህ ነው» አለች ሀሚዳ። «አቶ ወልደ ማርያም ፖላራይዘር ገጥመው ሁድ አይጨምሩበትም፤ ይኼን ከጋሽ ፈትሁዲን ጋር ሲለማመዱት ነው የከረሙት። ለሁዱ ማደሪያ ያሰፉትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ እሳቸው ከወደቁ በኋላ ካሜራውን ያነሳ ሰው አለ። ሚሞሪውን በባዶ ቀየረና ካሜራውን መልሶ አቆመው። እጁ ግን ቦርሳው ውስጥ ያለውን ሁድ አይቶ አላስቻለውም።»

«ይኼ ሰው ማን ሊሆን ይችላል?» ቀጠለች። «ወይዘሮ ከበቡሽ ሁዱ ከምን እንደሚገጥም አያውቁም። ጋሽ ፈትሁዲን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም ፖላራይዘር ላይ አይገጥሙትም። ሁድ ሳያይ የሚገጥም፣ ፖላራይዘር ግን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ያለ ፖላራይዘር የማይነሳ ፎቶ ላይ ስሙን ጽፏል።»

ሱራፌል ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እንዳትምላቸው ሰጡኝ፤ እኔ ሰቀልኩት» አለ። «ይታወቃል ብዬ አላሰብኩም፤ ማን ያናግራቸዋል ብዬ! አዳራሽ ገብተው አዩት። አልተቆጡም እኮ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እሑድ ሲሄዱ አይቼ ተከተልኳቸው። እንዳይናገሩብኝ ለመንኳቸው። ‹ስሜን ብቻ ከሥሩ ጻፍልኝ ልጄ፤ ሽልማቱን አንተ ውሰደው› አሉኝ። እንዴት ብዬ? ከተማው ምን ይለኛል? ነገ ራሴ እናገራለሁ ሲሉኝ... ገፋኋቸው። እልህ ነው። ዞር ብዬ ሳይ የሉም።»

«ከዚያስ?» አለች አዜብ።

ሱራፌል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ከዚያ ወርደህ አላየሃቸውም» አለች ሀሚዳ። «ካሜራውን አየህ። ከተማ ተመልሰህም ብቸኝነት ገደላቸው አልክ።»

ወይዘሮ ከበቡሽ «እሪ!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ቄስ ሚካኤል መስቀላቸውን ጨብጠው ተነሱና አዜብ አጠገብ ቆሙ። «ፍትሐቱ ይደረጋል ልጄ» አሏት። «እኔም ይቅር በይኝ።»

ያን ጊዜ ጠና ከስቱዲዮው ደረሰ። ሚሞሪዋ በሱራፌል መሳቢያ ውስጥ ነበረች፤ ለምን እንዳልጣላት ሲጠየቅ «ፎቶዎቹ ያምራሉ» አለ። ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ሀሚዳ ሚሞሪዋን ካሜራው ውስጥ ከትታ ለአዜብ አቀበለቻት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፎቶዎች የእሑድ ናቸው። በሁለቱም አቶ ወልደ ማርያም ከኩሬው ማዶ፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ለመንግሥት ባለሥልጣን እንደሚቀርብ ሰው ቀጥ ብለው ቆመዋል። በአንደኛው ኩሬው እንደ መስተዋት ሆኖ፣ ከእግራቸው ሥር ሌላ ወልደ ማርያም ተዘቅዝቆ ይታያል። በሁለተኛው ቀለበቱን አዙረዋል፤ ነጸብራቁ ጠፍቶ ጠጠሩ ወለል ብሏል፤ እሳቸው ብቻቸውን ናቸው።

«ለምን እንደ ደወሉልሽ አላውቅም» አለቻት ሀሚዳ። «ለምን እንደ ሄዱ ግን ይኸው። ፎቶ ላክልኝ ብለሻቸው ነበር።»

አዜብ ካሜራውን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከመጣች እንዲህ አላለቀሰችም ነበር። ፈትሁዲን በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ለቀብሩ ላሳትመው» አሏት። «ለሥራ ከሆነ ሁለተኛው ይበልጣል፤ የለፉትም ለሱ ነው። ውሃው እንዴት እንደጠራላቸው አየሽ?»

አዜብ ሁለቱን እያፈራረቀች ብዙ አየቻቸው።

«የመጀመሪያው ይሁን» አለች። «እዚህኛው ላይ ብቻውን አይደለም።»