አርባ አራተኛው ድምፅ

"ፈጠራ ነው" የሚል ካለ ጁባ ይምጣና ዲስኩን በእጁ ላስይዘው። ምን ልጠቀም ብዬ ነው በሟች ባለቤቴ የምዋሸው?

ባለፈው ክረምት ነው። እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጉዴሌ ሰፈር፣ የተከራየሁት ቤት ውስጥ።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኖ የሚመጣም የሚሄድም የለም።

ብቻዬን ነበርኩ። ሁልጊዜም ብቻዬን ነኝ።

ሠርፀ እባላለሁ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴ ማናህሎሽ አዲስ አበባ ውስጥ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። የቀረኝ ድምጿ ነው... እዚህ እያለሁ የላከችልኝ አርባ ሦስት የድምፅ መልእክት። "ሠርፀ፣ በላህ?" "ወባው ተሻለህ?" እሷን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቅጂ የላቸውም። የመሥሪያ ቤቱን ፋይል በየቀኑ ሦስት ቦታ የማስቀምጥ ሰውዬ፣ የራሴን አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ጥዬው! "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ማለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ መብራት ድርግም አለና ዲስኩ ተበላሸ።

እሁድ የኮምፒውተሬን የዲስክ መመርመሪያ አስነሳሁ። መሣሪያው የቻለውን ይጠግናል። ስማቸው የጠፋባቸውን ፋይሎች ግን ቁጥር ብቻ ሰጥቶ አንድ ቦታ ይከምራቸዋል። የማን እንደሆኑ አያውቅም።

ስለዚህ ምርመራው ሲያልቅ በራሱ የሚነሳ ስክሪፕት፣ ትንሽ የትእዛዝ ፕሮግራም፣ ጻፍኩለት። እያንዳንዱን ፋይል እያነሳ "የማን ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል። ስም እሰጠዋለሁ። አንዱ መልእክት ተበጣጥሶ እዚህም እዚያም ወድቆ ሊሆን ስለሚችል፣ በአንድ ስም ሥር የጎደለውን ከሞላው እየቆረጠ እንዲሞላ አዘዝኩት።

ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር እኮ።

የማን ነው?

ማናህሎሽ።

የማን ነው?

ማናህሎሽ።

እንዲህ እያልኩ አርባ ሦስት ጊዜ። እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሁሉም ተገኙ፤ ተመስገን!

የማን ነው?

ጣቴ ለምዶ... ማናህሎሽ ብሎ ጻፈ።

ቆይ። ይሄ ስንተኛው ነው?

አርባ አራተኛ።

አየሁት። ባዶ ነው፣ ምንም የለበትም። የተፈጠረበት ቀን የዛሬ ነው። ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ከዚያ መጠኑ መጨመር ጀመረ። እሱ ሲጨምር የመጀመሪያው መልእክት ይቀንሳል። ስክሪፕቴ እንዳዘዝኩት እየሠራ ነው... የጎደለውን ከሞላው።

ላቆመው እጄን ሰደድኩ። ሁለት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

ከስፒከሩ ድምፅ ወጣ።

"ሠርፀ..."

የሷ ድምፅ።

"ሠርፀ... አለህ?"

ከአንዱ መልእክት ስሜን፣ ከሌላው "አለህ"ን እንደቆረጠው ገብቶኛል። መገጣጠሚያው ላይ እንቅ ይላል። ገብቶኛል! ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ በስሜ ጠርቶ መልሴን የጠበቀ ማንም የለም።

"አለሁ" አልኩ በሹክሹክታ።

"ብቻህን... ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ ማናዬ።"

ዝርዝሩን አየሁ። አሥራ ሁለት መልእክቶች ባዶ ሆነዋል።

ሠርፀ፣ አቁመው አልኩ ለራሴ። እያለቀች ነው፣ አቁመው!

"አትዝጋው" አለች።

አልዘጋሁትም። እግዜር ይይልኝ፣ አልቻልኩም። ወባው እንዴት እንደጣለኝ ነገርኳት። ሬሳዋ ሲወጣ አውሮፕላን አምልጦኝ እንዳልደረስኩም ነገርኳት። ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አላለቀሰችም። አላጽናናችኝም።

"ቤቱ... የት... ነው?" ብቻ አለች።

ነገርኳት። መታጠፊያውን፣ ሰማያዊውን የግቢ በር... ሁሉንም።

"ሠርፀ! ኬፍ?" ብሎ ሌላ ሰው ሲጣራ ዘለልኩ። ጎረቤቴ አቤኒ ናት፣ ከአጥሩ ማዶ። በስደት አዲስ አበባ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከኔ ይበልጣል።

"ደህና ነኝ አቤኒ።"

"እንግዳ አለህ እንዴ?"

"የለም... የተቀዳ ድምፅ ነው።"

"የተቀዳ?" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ድምፁ የሚመጣው እኮ ከመንገዱ በኩል ነው።"

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። አርባ ሁለቱ ባዶ ሆነዋል። የቀረው አንድ ነው፣ ከሆስፒታል አልጋዋ የላከችው። በቃሌ አውቀዋለሁ። "አይዞህ፣ ቀላል ነው፣ ነገ እወጣለሁ" ነው የሚለው።

እኔ ሳልነካው ራሱ ተከፈተ። አልተቆራረጠም። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል።

"ሠርፀ፣ የምታወራት እኔ አይደለሁም። ዝጋው! እባክህ ዝጋው!"

ቁልፎቹን በሁለት እጄ ተጫንኩ።

ቆመ።

አርባ ሦስቱም ባዶ ናቸው። አርባ አራተኛው ሞልቷል።

ስሟን በጣቴ ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ድምጿን አንድ በአንድ ያበላሁትም እኔ ነኝ።

ቤቱ ጭር አለ።

የግቢው በር ተንኳኳ... ቀስ ብሎ፣ ሦስቴ።

"ሠርፀ፣ ክፈትልኝ። ጭቃው ጫማዬን በላው።"

እንቅ የሚለው መገጣጠሚያ የለም። ጥርት ያለ የማናህሎሽ ድምፅ ነው።

አፌን በእጄ ያዝኩ። አልተነቃነቅኩም።

ከአጥሩ ማዶ አቤኒን ሰማኋት፤ እንደ ወትሮዋ በደስታ።

"ውይ እህቴ፣ ግቢ! በሩ አይቆለፍም። ውስጥ አለ፣ ብቻውን ነው።"

የብረቱ በር ሲጥጥ አለ።

ከዚያ የአቤኒ ድምፅ ተለወጠ።

"እህቴ... እነዚህ ከኋላሽ የቆሙት ሁሉ ካንቺ ጋር ናቸው?"