የፊት ሳሎኑ ደወል

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና እንግባባ፣ ስለ ጥላና ስለ ኮሽታ ማውራት የጀመረ ሰው ካየሁ ጫማዬን ፈልጌ የምሄድ ነኝ። ሬዲዮ መጠገን ማንም ሳያስተምረኝ ነው የተማርኩት፣ ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ እስኪናገር ድረስ እየታገልኩት፤ እንግሊዝኛዬንም ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት፣ ዛሬ ሲያትል ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚናገር የእኔ ዕድሜ ሰው ካለ አምጡልኝ። አንድ ነገር ድምፅ ካወጣ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን ፈልጌ የማገኘውም እኔ ነኝ፣ ዕድሜ ልኬን የኖርኩት እንዲህ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ሽማግሌው ጃጀ እንዳትሉ፣ እመኑኝ፣ የሚያወራችሁ ሳይፈትሽ የሚቀበል ሰው አይደለም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ልጄ ሰብለ ነርስ ናት፣ ባሏ ዳዊት ባንክ ይሠራል፣ ሁለቱ ከአፓርታማ ወጥተው ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው የሲያትል ሰፈር አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ገዙ፣ ሰባት ዓመት የሆናትን የልጅ ልጄን ቤዛንና እኔን ይዘው ገቡ። ቤቱን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ማብቂያ ያሠራው የሰፈሩ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ይህንን የነገረኝ የለም፣ ራሴ ቤተ መጻሕፍት እየተመላለስኩ የደረስኩበት ነው። የእነዚያን ሰዎች ኑሮ እንደ ጎረቤቶቼ አወቅሁት፣ ባልየው ቀኑን ከመጋዝ ጩኸትና ከጭስ ጋር ይውላል፣ ሚስትየዋ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለእንግዳ የተለየ ቀን አላት፣ በዚያ ቀን ለብሳ ተከናንባ የፊት ሳሎን ትቀመጣለች፣ እንግዶቿ መጥተው ጥቂት አውርተው ይሄዳሉ፣ ልጆች እዚያ ክፍል ዝር አይሉም። ከቤቱ ሰው ሲሞትም ሬሳው የሚጋደመው እዚያው ነው። እመቤቲቱ የሚያስፈልጋትን ለማዘዝ አትጣራም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን እጀታ ትስባለች፣ ኩሽና ውስጥ ደወል ይጮኻል፣ አንዲት የድሃ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ገና ሕፃን፣ ውሃውን ወይም ሻዩን ይዛ ትሮጣለች።

ደወሎቹ አሁንም ነበሩ። ኩሽናው ግድግዳ ላይ በረድፍ የተሰቀሉ ትንንሽ የነሐስ ደወሎች ናቸው፣ እያንዳንዱ በተጠማዘዘ ሞላ ላይ ተንጠልጥሎ ከበታቹ የክፍሉ ስም ተጽፎበታል። ዳዊት ሊነቅላቸው ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ አውርጄ በሎሚ አሸኋቸው፣ አብረቀረቁ፣ መልሼ ሰቀልኳቸው። ያኔ ነው ያየሁት፣ ከግድግዳው የሚወጣው ሽቦ ሁሉ ስንዝር ሳይሞላ ተቆርጧል፣ ከእኛ በፊት ኩሽናውን ያደሱት ሰዎች ቆርጠውታል። የፊት ሳሎኑም እጀታ ተነቅሎ ቀዳዳው በጄሶ ተደፍኗል። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ እሑድ ለቤቱ ምርቃት ወዳጅ ዘመድ ጠራን። የሲያትልን ብርድ ወራት ታውቁታላችሁ፣ ገና አሥር ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፣ ዝናቡም አይጥል አያባራ፣ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። የመጣው ሁሉ ከበር ላይ "ቤት ለእንቦሳ" ይላል፣ እኛ "እንቦሳ እሰሩ" እንላለን፣ ኮትና ጃንጥላ ይከመራል፣ ዳዊት ደጅ ወጥቶ ሰው ፓርክ የሚያደርግበትን ያሳያል። በዚህ ግርግር መሐል፣ የፊት ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ባለው ባለ ክንድ ወንበር ላይ፣ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ተቀምጠው አየሁ። እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ጥቁር ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል፣ ጓንት ያጠለቁ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ተጣጥፈዋል።

ማን ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም። እንግዳን ማን ጠራዎት ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሰብለ የዳዊት የባንክ ሰው መሰሏት፣ ዳዊት ደግሞ ከእሷ ሆስፒታል የመጡ መሰሉት፣ ሌላው ጎረቤት ናቸው ብሎ አለፈ። ምግብ ቀረበላቸው፣ አልነኩትም። ፈረንጅ አሳምሬ የማነጋግረው እኔ ስለሆንኩ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ስለ ቤቱ ያወቅሁትን ሁሉ፣ መጋዙን፣ የእንግዳውን ቀን፣ ደወሉን፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መስኮቱን እያዩ፣ መጋረጃው ከባድ ነበር፣ ብርሃን አያስገባም ነበር አሉኝ፣ እኔም የሆነ መጽሐፍ ላይ አንብበው መሰለኝ።

መቼም እንግዳን ባዶ አፍ አይሸኙም፣ እንደ ወጋችን፣ ያውም በተመረጠ እንግሊዝኛ፣ "ይህ ቤት የእርስዎ ነው" አልኳቸው፣ "ይህም ብቻ አይደለም፣ እኛ በምንኖርበት ሁሉ ቤት አለዎት።"

ቀና ብለው አዩኝና "ከልብዎ ነው?" አሉ።

"ከልቤ ነው እንጂ።"

"እንግዲያው እቀመጣለሁ።"

ሳቅሁ፣ የሚጠጣ ላመጣላቸው ተነሣሁ፣ ስመለስ የሉም። ሲወጡ ያየ ሰው አልነበረም፣ በሩ ደግሞ በሰው ተጨናንቋል። የወንበሩን ጨርቅ ስዳስሰው እንደ ምድር ቤት ድንጋይ ቀዝቅዟል። ማታ ሰው ከሄደ በኋላ፣ ያንተ እንግዳ ናቸው፣ ያንቺ ናቸው እየተባባልን፣ የማንም እንዳልነበሩ ስናውቅ ለምግብ የገቡ ናቸው ብለን ተሳሳቅን። ምግቡ ግን እንዳለ ነበር።

በማግስቱ ሊመሽ ሲል ከቤዛ ጋር ብቻችንን ነበርን፣ ኩሽና ውስጥ ድንች እልጣለሁ፣ ቅጭል አለ። ቀና ስል የፊት ሳሎኑ ደወል ነው፣ ሌሎቹ ረግተው የእሱ ሞላ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከባድ መኪና አልፎ ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው ቀን በዚያው ሰዓት ደገመ። ያን ጊዜ እኔን ማየት ነበር፣ ዳዊትን በሮቹን ሁሉ እያላጋ እንዲዘጋ አደረግሁት፣ ወለሉ ላይ ዘለልኩ፣ የውሃ ቧንቧ ከፍቼ ዘጋሁ፣ አይጥ ፈለግሁ፣ አንዱም ያን ደወል አላነቃነቀውም። ምላሱን በጨርቅ አሰርኩት፣ ድፍን ያለ ድምፅ እያወጣ መታ። ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ መሳቢያው ውስጥ ሆኖ ጮኸ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ እያልኩ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ገና አልፈራሁም ነበር።

ያስፈራችኝ ቤዛ ናት። ደወሉ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትነሣለች፣ ብርጭቆ ውሃ ትሞላለች፣ በሁለት እጇ ይዛ ትወጣለች። ጨዋታ መስሎኝ ተከተልኳት። ብርጭቆውን መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ፊት አስቀመጠች፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለች፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ለማን ነው ስላት፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ ለሴትዮዋ አለችኝ። እየዋለ ሲያድር መሳቅ ተወች፣ ትልቅ ሰው ባለበት አትቀመጥም፣ ቤዛ ብለን ስንጠራት ሌላ ሰው የጠራን ይመስል ቶሎ አትዞርም። አንድ ምሽት ሰብለ ልታጥባት እጇን ያዘችና ጮኸች፣ የሕፃኗ እጅ ዕድሜዋን በሚፋጅ የማጠቢያ ሶዳ ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት እጅ መስሎ ቀልቷል፣ ተሰነጣጥቋል። ቅባት ቀባቻት፣ ሐኪም አሳየቻት፣ ባሰ እንጂ አልዳነም።

ልጄ ተቆጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ለአሮጊቷ ያልኩትን ስነግራት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባዬ፣ ያስቀመጥካት አንተ ነህ፣ አንተው አስወጣት፣ ልጄ እያለቀችብኝ ነው" አለችኝ። እንግዳ መጋበዝ ጥፋት ነው ወይ?

በማግስቱ ኮቴን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ፣ ሊመሽ ሲል ፊት ሳሎን ገባሁ። መብራት አላበራሁም። ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፣ ዝናቡ መስኮቱን ይዳስሳል፣ ክፍሉ የታሸገ ሣጥን የከፈቱ ያህል ይሸታል።

"እመቤቴ፣ ልጅቷ የልጄ ልጅ ናት፣ ገረድ አይደለችም። እንግድነቱ ይበቃል፣ በደህና ይሂዱ።"

ከዚያ ኩሽና ካለው መሳቢያ ውስጥ ደወሉ ቅጭል አለ፣ የትንንሽ እግር ሩጫ ሰማሁ። ቤዛ ገባች፣ ዛሬ ሁለት ብርጭቆ ነው የያዘችው። አንዱን ወንበሩ ፊት አስቀመጠች፣ ሁለተኛውን ለእኔ ዘረጋችልኝ። አባባ አላለችኝም፣ በእንግሊዝኛ ጌታዬ ብላ ጠራችኝ፣ "ይጠጡ ብለዋል። የእሳቸው እንግዳ ነዎት።"

ወር ሳይሞላ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ሌላ ቤት ተከራይተን ወጣን፣ ደወሎቹን እዚያው ትቼ። አዲሱ ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ሳሎኑ አንድ፣ ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እያንዳንዱን ሽቦ የፈተሽኩት እኔ ነኝ። የቤዛ እጅ ዳነ፣ ስንጠራትም ትዞር ጀመር፣ ሰብለ እንደገና መዝፈን ጀመረች፣ እኔም ነገሩን ከእርጥበትና ከልጅ ቅዠት ጋር አያይዤ አንድ ጥሩ ማብራሪያ ሠርቼለት ነበር።

አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ቤዛ ወለሉ ላይ ተኝታ ሥዕል ስትስል እርሳሷን በቀስታ አስቀመጠች። ተነሣች። የኩሽናው ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ፣ ብርጭቆ ሲሞላ ሰማሁ፣ በሁለት እጇ ይዛ በአጠገቤ አለፈች፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ፊት አስቀመጠችው።

"ቤዛዬ፣ እዚህ እኮ ደወል የለም" አልኳት።

"አያስፈልጋትም አባባ። ቤቱ ትንሽ ነው፣ ስትጠራ ይሰማል።"

ለሰብለ አልነገርኳትም። የቤዛን የእጅ ቅባት ግን ከመሳቢያው አውጥቼ አጠገቤ አደረግሁ። እንግዳ አሁንም ቤታችን ይመጣል፣ እኔም እንደ ድሮዬ በር ላይ ቆሜ እቀበላለሁ፣ ግቡ እላለሁ፣ ቤቱ የእናንተ ነው ማለቱን ብቻ ትቻለሁ። ሰው ሲበዛ ወንበር አይበቃም፣ ገሚሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ያን የመስኮት ወንበር ግን ማንም አይቀመጥበትም፣ ኮቱን እንኳ የሚጥልበት የለም። እመኑኝ፣ ማንም አልነገራቸውም።