የእህት አስናቀች የጋዜጣ ሳህኖች

እህት አስናቀች የሞተችው በምትወደው ቆሻሻ መሃል ነው። እሑድ ጠዋት፣ ደሴ ሆጤ ሠፈር ባለው ቤቷ ጓዳ፣ በቲማቲም ጣሳ፣ በቆርኪና በአሮጌ ጋዜጣ ክምር መካከል በጀርባዋ ተዘርግታ ተገኘች። ጭንቅላቷ ከኋላ ተፈንክቷል፤ የድንጋይ ደረጃው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ሐኪሙ የሞተችው ቅዳሜ ምሽት ነው አለ።

መርማሪ ሳጅን ራቢያ የደረሰችው በእግሯ፣ የነሐሴን ጭቃ እየጎተተች ነው። የፖሊስ መኪናው እንደ ልማዱ ጋራዥ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ጓዳውን ረግጦ ጨርሶታል። ይባስ ብሎ የጣቢያው አዛዥ የሟቿን ጎረቤት ነጋዴ ባሽርን አሳስሯል፤ ዓርብ ዕለት «ልጄን ሁለተኛ ብትነኪ አልለቅሽም!» ብሎ በአስናቀች ላይ ሲጮህ ሠፈሩ ሰምቷልና።

«እስከ ማታ ክሱን ጨርሺ» አላት አዛዡ።

«ምርመራውን ሳልጀምር ልጨርስ?» ብላ ትታው ገባች።

አስናቀች የሠፈሩን ልጆች፣ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም፣ ሰብስባ ከየቤታቸው በሚጣለው ዕቃ የማስታወሻ ዕቃዎች ታሠራቸው ነበር። በዚህ ክረምት ልጆቹ ጋዜጣ ዘፍዝፈው፣ በዱቄት ሙጫ አቡክተው፣ ሳህን ሠርተው የመዳፋቸውን አሻራ አትመውበታል። ወላጆች መጥተው የሚረከቡት በዚሁ እሑድ ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው አብራት የምትኖረውና የምትረዳት የእህቷ ልጅ ጽናት ናት። «ቅዳሜን ገራዶ እናቴ ጋ አደርኩ» አለች።

«ይሄ ሁሉ ኮተት አያንገሸግሽሽም ነበር?»

«ያንገሸግሸኛል! አልጋዬ ሥር ሳይቀር ጣሳ ነው። ግን ለጣሳ ብሎ አክስቱን የሚገድል አለ?»

ሁለተኛው ረዳቷ ሉቃስ ነው፤ ቤቱ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት የሳህኖቹን ቅርጫት ይዞ ሲመጣ ጽናት ስትጮህ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ደሴ በነሐሴ ጋዜጣ ይሻግታል እንጂ አይደርቅም» አላት። «ስለዚህ ሁልጊዜ ሳህኖቹን እኔ ነኝ ቆላ፣ ኮምቦልቻ የማወርደው። ዓርብ ማታ ይዤ ወረድኩ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ አስጥቼ ስጠብቅ ዋልኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እዚህ ብሆን ኖሮ…» ብሎ አለቀሰ።

ባሽርን እስር ቤት አነጋገረችው። «በጀሊሉ አልነካኋትም!» አለ። «የልጄ የአፍናን ክንድ በልዞ ጠቁሮ አየሁ። ማን ነው ብላት ዝም። የምትውለው እዚያ ቤት ነው፤ ማንን ልጠርጥር?»

«አስናቀች ምን መለሰችልዎ?»

«‹እሑድ ሁሉንም ታውቃለህ› ብቻ። ያቺ መልስ ናት የባሰ ያናደደችኝ።»

ራቢያ ተመልሳ ጓዳውን ፈተሸች። ምንም የለም። በንዴት አንዱን ጣሳ በእግሯ ስትለው ግድግዳ አንኳኩቶ ተመለሰ። ልትቀመጥ ሉቃስ ያመጣውን ቅርጫት ገፋ አድርጋ ከላይ ያለውን ሳህን አነሳች። አውራ ጣቷ ሰመጠ፤ ጥፍሯ ሥር ግራጫ ሊጥ ገባ። እርግማኗን አቋርጣ ስልክ ፍለጋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበች፦ ጽናትን፣ ሉቃስን፣ ካቴና ያጠለቀውን ባሽርን፣ ልጁን አፍናንን፣ ሰዓቱን የሚያየውን አዛዥ።

«አስናቀች ልጅቱን ራሷ ጎድታ ቢሆን፣ እሑድ እነግርሃለሁ ብላ አትቀጥርም» አለች። «የጎዳትን ሰው አውቃለች፤ ወላጆች ፊት ልትናገር ነበር። ስለዚህ እሑድን የሚፈራ ሰው ነበር። አቶ ባሽር ግን እሑድን የሚጠብቁ እንጂ የሚፈሩ አልነበሩም። ጽናት ገራዶ ማደሯን ደውዬ አረጋግጫለሁ።» ሳህኑን ለአዛዡ ሰጠችው። «ይጫኑት።»

«እርጥብ ነው» አለ አዛዡ እጁን እየጠረገ። «ዘንቦበት ይሆናላ።»

«ሉቃስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ኮምቦልቻ ፖሊስ ደውዬ ትናንት ጠብ እንዳላለ ነግረውኛል። እንዲህ ያለ ሳህን በዚያ ፀሐይ ከዋለ እንደ ቆሎ ይደርቃል። ይሄ ጭራሽ ታቹ ሻግቷል። ሳህኖቹ ከደሴ ብርድ አልወጡም፤ ያንተም እግር አልወጣም፣ ሉቃስ። ቅዳሜ ምሽት የት ነበርክ?»

ሉቃስ ወደ ልጅቱ ዞረ። አፍናን ወደ አባቷ ጀርባ ተሸጉጣ ክንዷን በሻሿ ሸፈነች። ሁሉም አዩ።

«ቀለም ደፋችብኝ» አለ ሉቃስ። «አንዴ ብቻ ነው ክንዷን የጠመዘዝኩት። ዓርብ እህት አስናቀች ለወላጆች እናገራለሁ ስትለኝ ከደሴ መውጣት አቃተኝ። እዚሁ ሆቴል አልጋ ይዤ አደርኩ። ቅዳሜ መጥቼ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ገፋኋት እንጂ ልገድላት አልነበረም።»

ካቴናው ከባሽር እጅ ወደ ሉቃስ ተዛወረ። ባሽር ግን አልሄደም።

«ሳጅን፣ ለልጄ የቆመችውን ሴት ነው ሠፈር ሙሉ ሲሰማ ያዋረድኳት» አለ። ራቢያ «አብሽሩ፣ አይዞዎት» አለችው። ገዳዩን ይዛ እንኳ ንዴቷ አልበረደም።

ባሽር ልጁ ፊት ቁጢጥ አለ። «አፍናንዬ፣ ለሷ ስትነግሪ ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

አፍናን መሬት መሬት አየች።

«አንተ ትጮሃለህ» አለችው። «እሷ አትጮህም ነበር።»