«ደርቋል» ያለው ሰው

ንጉሡ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ገና ባልጠነከረበት ሰሞን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በምሽጉ ሥር ባለው የደወል ማቅለጫ ቤት ደጃፍ፣ የከተማው ገዥና የምሽጉ አዛዥ ቆመው እየሰሙ፣ ምክትል አለቃውን የሰደቡት ሥራ ያስተማሩት ሰው ነበሩ፤ አሮጌው የቀላጮች አለቃ። ስድቡም ረጅም አልነበረም። «አንተ በር የሌለህ ቤት ነህ፤ የሚገባብህ ነገር የለም» አሉት፤ ብለውም ፊታቸውን ወደ ገዥው አዞሩ። ያን ቀን ማን በቀኝ ማን በግራ እንደቆመ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማንስ ሳቁን በመዳፉ እንደሸፈነ፣ ምክትል አለቃው እስኪሞት ድረስ አልረሳውም።

ይህን ሰው በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው አልነበረም። የነገሩን ሁሉ መጨረሻ «አበቃ!» ብሎ መዝጋት ስለሚወድ ስሙ አበቃ ሆኖ ቀርቷል። ስለ እሳት ቢጠየቅ፣ ስለ ነሐስ ቢጠየቅ፣ ስለ ጎረቤት የጥርስ ሕመም ቢጠየቅ፣ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይደርስ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ ይህ ነውር አልነበረም፤ በማቅለጫው ቤት ሰው የሚሾመው በማወቁ ነበርና፤ አዋቂ ማለትም የማይጠይቅ ማለት ነበር።

የቤቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር፤ ነሐሱ የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ በእሳት ዳር ሲደርቅ ይሰነብትና፣ በማፍሰሻው ዕለት ከታላላቆቹ አንዱ ጉንጩን ጭቃው ላይ ያስጠጋል፤ እርጥብ ቅርጽ የጋለ ነሐስ ሲገባበት ይፈነዳልና፣ ቅዝቃዜ ካልተሰማው ብቻ «ደርቋል» ይላል። እርሱ «ደርቋል» ካለ በኋላ ሌላ ሰው ጉንጩን አያስጠጋም፤ ያስጠጋ እንደሆነ ታላቁን «ዋሽተሃል» እንዳለው ይቆጠርበታል። ብዙ ዘመን አበቃ «ደርቋል» ሲል ነሐሱ ፈሷል፤ ደወሉም ጮኋል።

የአሮጌው አለቃ ዓይን ደክሞ ስለነበር፣ ገዥው ያዘዙት የከተማው በር ደወል በተሰቀለ ማግስት ወንበራቸውን ሊለቁ ቆርጠው ነበር። ወንበሩ የአበቃ መሆኑን ያልሰማ አልነበረም። ሚስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ «ይለፉ፣ የአለቃ ባለቤት» እያሉ ተራ መልቀቅ ጀምረዋል፤ እርሷም «ኧረ ገና ነው እህቶቼ» እያለች ተራውን ትወስደው ነበር።

ከቀላጮቹ አንዱ ምነው ይባል ነበር፤ ይህም ቅጽል ስም ነው። «ምነው ዛሬ ጭሱ ወደ ታች ወረደ? ምነው ይኸ ነሐስ አረንጓዴ አለው?» ሲል ይውላል። ባልደረቦቹ «አንተ ስትወለድም ለአዋላጇ ‹ምነው ቸኮልሽ› ሳትላት አልቀረህም» ይሉታል። እርሱም «ምን ብላ መለሰችልኝ?» ይላል።

በዚያ ክረምት ጎርፍ አሮጌውን የጭቃ ጉድጓድ ስለሞላው፣ ለበሩ ደወል ቅርጽ የሚሆነው ጭቃ ከኮረብታው ማዶ መጣ። የማፍሰሻው ቀን ደረሰ፤ አበቃ ጉንጩን አስጠጋ።

«ደርቋል። አበቃ።»

«ጋሼ፣ ምነው ሲያንኳኩት እንደ ወትሮው አይጮህም?» አለ ምነው። «ጭቃው አዲስ ስለሆነ ይሆን? ትንሽ ብናቆየውስ?»

«ጉንጬ ሐሰተኛ ነው ነው የምትለኝ?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም! ጉንጭዎ ውጪውን ነካ፤ ውስጡንስ ማን ነካው ብዬ ነው።»

«ውስጡን ፈጣሪ ያውቀዋል። አንተ ነሐሱን አምጣ!»

ሠራተኛው ሳቀ፤ ምነውም አብሮ ሳቀ፤ ነሐሱም ፈሰሰ።

ቅርጹ እንደ መድፍ ፈነዳ። ወናፍ ይነፋ የነበረው የአበቃ ሚስት ወንድም ነበር፤ ፊቱ ተቃጠለ፤ አንድ ዓይኑም ጠፋ። አበቃ ምንም አልሆነም። የአማቹን ጩኸት ከሰፈር ማዶ እንደሚመጣ የሌላ ሰው ጩኸት ሰማው፤ ክንዱ ላይ የተረጨውን ጭቃ በጥፍሩ ፍቆ አነሣ፤ ከዚያም እጁን አጣጥፎ ቆመ።

በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ገዥው ከምሽጉ አዛዥ ጋር መጡ። «ምን ነካው?» ብለው ጠየቁ።

«ነሐሱ ርኩስ ነበር ጌታዬ፤ ያመጣው ነጋዴ አታሎናል። አበቃ።»

ገዥው ሌሎቹን አዩ። ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ ምነው፣ «እኔ አላውቅም ጌታዬ» አለ።

«አላውቅም ለማለት ነው አፍህን የከፈትከው?» አለው የምሽጉ አዛዥ።

«አዎን ጌታዬ። ፈቃድዎ ከሆነ ግን የተረፈውን ቅርጽ ፈልጬ ልየው።»

በዚያ ቤት «አላውቅም» የሚል ቃል በሹም ፊት ሲነገር ተሰምቶ አያውቅም። ገዥው በጦር ሜዳ ያደጉ፣ እርግጠኛ አዝማች ሠራዊት ሲያስፈጅ ያዩ ሰው ነበሩና፣ «ፍለጠው» አሉ። ተፈለጠ፤ ውጪው ድንጋይ ነበር፤ የውስጡ ጭቃ ግን ሲጨብጡት የጣት ምልክት ይዞ የሚቀር እርጥብ ነበር። አሮጌው አለቃ ጓሉን ተቀብለው ለአበቃ ዘረጉለት።

«ንካው።»

«መንካት አያሻኝም አባቴ፤ ነሐሱ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ያንን ስድብ የሰደቡት።

ሹመት እንዲህ ናት፤ የስንት ዘመን እውነት በአንድ ጓል ጭቃ ትሻራለች። ገዥው ሥራውን ምነው ለሚባለው ሰጡት፤ እርሱም በአዲሱ ቅርጽ ላይ ለትንፋሽ መውጫ በተተወው ቀዳዳ ብረት እየሰደደ፣ ብረቱ ላብ ይዞ መውጣቱን እስኪተው ጠበቀ፤ ሠራተኛውንም ሁሉ ተራ በተራ ጉንጩን እንዲያስጠጋ አዘዘ። ደወሉ ሳይሰነጠቅ ወጣ፤ ወንበሩም የምነው ሆነ። ሴቶቹ ተራ መልቀቁን ተዉት፤ የአበቃ ሚስት እንስራዋን አስቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ቤት ውስጥ ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። አበቃ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ንዴት ቢፈልግ አላገኘም፤ ሐዘንም ቢፈልግ አላገኘም።

ስለዚያ ደወል የዘመኑ ጸሐፊ የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «በገዥው ትእዛዝ የከተማው በር ደወል ተሠራ» ይላል። ደወሉ ላይ የተቀረጸውም የገዥው ስም ነው። የጠየቀውን ሰው ማንም አልጻፈውም፤ የመለሰውንም ማንም አልጻፈውም፤ ዓይኑ ስለጠፋው ወናፍ ነፊ የጠየቀ የለም።

ደወሉ በተሰቀለ ዕለት፣ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ፣ አዲሱ አለቃ አበቃን በሩ ሥር ብቻውን ቆሞ አገኘው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለ ምነው። «ከዚያ በፊት አንድም ቀን አልሳቱም። እኔ ጉንጬን ሳስጠጋ የሚሰማኝ ጭቃ ብቻ ነው። ለእርስዎ ምን ነበር የሚሰማዎ? ቅዝቃዜው ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው? እባክዎ ያስተምሩኝ።»

ቢያላግጥበት ኖሮ መልስ አይጠፋውም ነበር። ሰውየው ግን አላላገጠም፤ እንደ ተማሪ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። አበቃ ጉንጩን በእጁ ነካ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እርሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

እጁን አወረደ፤ ፊቱን አዙሮ በበሩ ወጣ፤ ቁልቁለቱንም ይዞ ሄደ።