ሦስቱ ያልተመዘገቡ ፎቶዎች

ቆጣሪው አሥራ ሦስት ይላል። ማለት የነበረበት አሥራ ስድስት ነው።

መርማሪዋ ካሜራውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና ጥፍር የምታክለውን የቁጥር መስኮት እንደገና አየቻት። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋም አየች። አሥራ ሦስት። ደብተሯን ከቦርሳዋ ጎትታ አወጣች። የመጨረሻው መስመር በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ «ሃያ፦ የጫማ ሰፊው እጆች። ማክሰኞ። እኔ» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ያነሳል፤ ሃያ ከተነሳ አሥራ ስድስት ይቀራል። ይህ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ታዲያ ሦስቱ የት ገቡ?

ዘወር ብላ ጓደኛዋን ፈለገቻት። ሳቂታ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ከተመለሱ ጀምሮ ጥግ ይዛ የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። መርማሪዋ የሩጫ ተራዋ ደርሶ ሜዳ ስትገባ ካሜራውን አደራ ብላ የሰጠችው ለእሷ ነበር።

«ሳቂታ፣ ካሜራውን ነክተሽው ነበር እንዴ?»

«እኔ? ኧረ አልነካሁትም።»

«አንድም ፎቶ አላነሳሽም?»

«አልነካሁትም አልኩሽ እኮ! ምን ሆነሻል ዛሬ?»

መልሱ ጥያቄው እንኳ ሳያልቅ ነው የመጣው። ደግሞም ሳቂታ አልሳቀችም። ይህች ልጅ ፈተና ወድቃ የምትስቅ፣ ጥርሷ ሲነቀል ሐኪሙን ያሳቀች ልጅ ናት። ነገሩ መርማሪዋን ሸተታት።

«መርማሪዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ቤት ውስጥ ስኳር ከጎደለ ማን እንደቀመሰው፣ በር ሳይቆለፍ ከዋለ ማን መጨረሻ እንደወጣ ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። ስሙ ከቤት አምልጦ ትምህርት ቤት ገባና እዚያው ቀረ። እሷም አልጠላችውም፤ እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ትኮራበታለች።

ካሜራው የአጎቷ ነው። አጎቷ ፎቶ ቤት አለው፤ ፊልም ማጠብ ከማይሰለቻቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። ካሜራው ኪስ ውስጥ የሚገባ ጥቁር ነገር ሲሆን ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሌንሱ ግን ሰፊ ነው። «ይኼ ከግራ ቀኝ ያለውን ሁሉ ነው የሚያየው» ብሏት ነበር ሲሰጣት። «ስለዚህ ጠጋ በይ። ጠጋ ካላልሽ የምታነሺው ሰው ዝንብ ነው የሚያክለው። ጣትሽንም ሰብስቢ፤ አለበለዚያ ከሰውየው ይልቅ ጣትሽ ነው የሚታየው።» ከዚያም አንድ ሕግ አወጣ፤ እያንዳንዱ ፎቶ እንደተነሳ ወዲያው ደብተር ላይ ይመዝገብ፤ ቁጥሩ፣ ምን እንደሆነና ማን እንዳነሳው።

ሁሉም ነገር ለውድድሩ ነበር። የሥነ ጥበብ መምህራቸው ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው አንድ ፊልም እንዲካፈሉ ነገሯቸው። ርዕሱ «ሥራ» የሚል ነው። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ከፊልሙ አንድ ፎቶ መርጦ ያቀርባል። ኔጋቲቩ፣ ማለትም የታጠበው ፊልም፣ ግን ሳይቆረጥ፣ ከነሙሉ ርዝመቱ መምጣት አለበት፤ ማንም የሰው ፎቶ አምጥቶ የእኔ ነው እንዳይል። አንደኛ የወጣ ዕረፍቱን ከአንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ጋር እየዞረ ይማራል። አንድ ሰው ብቻ። መርማሪዋ ያንን ዕድል እንዴት እንደምትፈልገው ለማንም አልተናገረችም። ሌሊት ስትተኛም ጠዋት ስትነሳም የምታስበው እሱን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ስትሮጥ ከሜዳው ማዶ ባለው ረጅም ሕንጻ ላይ ቀለም ቀቢዎች በገመድ ተንጠልጥለው ነበር። አንዱ ባልዲውን ለሌላው ሲያቀብል አይታ፣ «ልጨርስና ይህን ነው የማነሳው» ብላ ነበር። ሩጫውን ጨርሳ ስትመለስ ወርደዋል። ሳቂታ ግን ቁጭ ብላ የነበረችው ፊት ለፊታቸው ነው፤ ያውም ካሜራውን ይዛ።

እሷ ያየችውን ፎቶ ሳቂታ ቀድማ አንስታባታለች ማለት ነው።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሳቂታን ከዓይኗ ሳታጠፋት ዋለች። በእረፍት ሰዓት ሳቂታ ብቻዋን ወደ መምህራቸው ሄዳ አንድ ነገር ጠየቀች፤ መርማሪዋ ስትጠጋ ግን ዝም አለች።

«ምን ጠየቅሻቸው?»

«ስለ ውድድሩ ነው። እንዲሁ።»

«እንዲሁ ምን?»

«እንዲሁ ነዋ! አቦ ተይኝ፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ እኮ።»

በቃ፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን መርማሪዋ ካሜራውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አጎቷ ጋ ካለው አሮጌ ካሜራ የምታውቀው ነገር አለ፤ የተነሳው ፊልም እየተጠቀለለ በቀኝ በኩል ይከማቻል፤ ከላይ የሚሆነው መጨረሻ የተነሳው ነው። የካሜራው የኋላ ክዳን ለአንዲት ቅጽበት ገርበብ ቢል ብርሃኑ የሚያቃጥለው ከላይ ያሉትን ነው፤ ከሥር ያሉት ይተርፋሉ። ሦስቱ ሌቦች ይጠፋሉ፤ የእሷ ሃያዎቹ ይድናሉ።

በሩን አየች፤ ማንም የለም። የክዳኑን መክፈቻ ሳብ አደረገችው። ክዳኑ ጣት የማያሳልፍ ያህል ተከፈተ፤ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ፊልም ታየ። ቀጭ አድርጋ ዘጋችው። ቆጣሪው አሁንም አሥራ ሦስት ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ሳቂታ አያት ሱቅ ሄዱ። አያቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። ሕንጻው ሊፈርስ ስለሆነ የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት ዕቃው ተጭኖ ይወጣል። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

«ስንት ሰው ሊያነሳኝ ሞከረ መሰላችሁ» አሉ አባባ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እያስተካከሉ። «ወይ እኔ እቀራለሁ፣ ወይ የስፌት መኪናዬ ትቀራለች። ሁለታችንን አንድ ላይ ያየ ካሜራ የለም።»

«የእኛው ያያል አባባ» አለች ሳቂታ። ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አባባ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። አርባ ዓመት የሰው ሲሰፉ ኖረው ለራሳቸው የሰፉት የመጀመሪያው ነው። ከፎቶው በፊት ሦስት ጊዜ መስተዋት አዩ፤ ካውያውን፣ መቀሱንና የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ወለወሉ። መርማሪዋ ጀርባዋን ከኋለኛው ግድግዳ ጋር አጣብቃ፣ በተሰቀሉት ኮቶች መካከል አንገቷን አስግጋ ስታይ ሱቁ በሙሉ ገባ፤ መኪናዋ፣ መስተዋቱ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፉት የደንበኞች ልኮች፣ መሐል ላይ አባባ።

«ሁሉንም እዚሁ እንጨርሰው፤ አሥራ ሦስቱንም» አለች ሳቂታ።

መርማሪዋ ካሜራውን ዝቅ አደረገች። አሥራ ሦስት መቅረቱን ለማንም አልተናገረችም። ታዲያ ይህች ልጅ በምን አወቀች? ቢሆንም እየተፈራረቁ አሥራ ሦስቱንም አነሱ። መጨረሻ ላይ ሞተሩ እያጉረመረመ ፊልሙን ጠቀለለ፤ አባባም «ጨረሰ? ደክሞት ነው፤ ከኔ ጋር ነው የዋለው» ብለው አሳቋቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አጎቷ ፎቶ ቤት ሲደርሱ ፊልሙ ታጥቦ፣ በመቆንጠጫ ተይዞ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አጎቷ እንደወትሮው አልቀለደም።

«ኑ እስቲ፤ በብርሃኑ እዩት።»

ሃያዎቹ ደህና ናቸው። የጫማ ሰፊው እጆች በኔጋቲቩ ላይ እንኳ ያምራሉ። መርማሪዋ ወደ ሃያ አንደኛው ወረደች። ሦስቱ አልተቃጠሉም። ቀለም ቀቢ ግን የለባቸውም። አንዱ የተጣመመ ሜዳና የጫማ ጫፍ ነው። ሁለተኛው ሰማይና የጎል ብረት። ሦስተኛው የራሷ የሳቂታ ፊት ነው፤ ካሜራውን ወደራሷ አዙራ ከመቅረቧ ብዛት አፍንጫዋ ምስሉን ሞልቶታል፤ ዓይኗ የፈጠጠ፣ የደነገጠ ነው።

ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። መጨረሻው ላይ ብቻ የስፌት መኪናዋ እግር እንደ ጥላ ይታያል።

«የአባባስ?» አለች ሳቂታ። «ጋሼ፣ የአባባ ፎቶዎች የት አሉ?»

«ብርሃን ገብቶባቸዋል፤ ክዳኑ ተከፍቷል።»

«ከፊት ያሉት እንዴት ተረፉ?» አለች መርማሪዋ።

«ይኼ ካሜራ እንደሌላው አይደለም። ፊልሙ ሲገባ መጀመሪያ ሙሉውን ያወጣዋል፤ ከዚያ እያነሳሽ በሄድሽ ቁጥር ወደመጣበት ቆርቆሮ ይመልሰዋል። የተነሳው ተሸሽጓል። ውጭ ያለው ያልተነሳው ነው።»

ሳቂታ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ረቡዕ ለት ከአግዳሚው ላይ ጣልኩት። ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ተጫንኩት፤ ቆጣሪው ሲቀንስ አይቼ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ልነግርሽ ፈራሁ፤ ዋሸሁሽ። ቲቸርንም የተበላሸ ፎቶ ቢኖርበት ያስጥለናል ወይ ብዬ የጠየቅኳቸው ለዚህ ነው። ክዳኑ ያን ጊዜ ተከፍቶ ነው። አባባ ሙሉ ልብስ ለብሰው… በስልክ እንኳ አላነሳኋቸውም እኮ፤ ካሜራው አለ ብዬ። ሱቁ ዛሬ ጠዋት ባዶ ሆነ።»

ምርመራ የሚባል ነገር ካለ አሁን አልቆ ነበር። ካሜራው ሲወድቅ ክዳኑ ተከፍቶ ቢሆን፣ ያን ጊዜ ገና ያልተነሱት ሦስቱም አብረው በተቃጠሉ ነበር። እነሱ ግን ንጹሕ ናቸው። የተከፈተው ከነሱ በኋላ ነው። አጎቷ የክዳኑን መቆለፊያ ሁለት ጊዜ ሞከረው፤ ጠንካራ ነው። ቀና ብሎ እሷን አያት፤ ከዚያ ፊልሙን መጠቅለል ጀመረ።

የእሷ ሃያዎቹ አሉ። የጫማ ሰፊው እጆች አሉ። የፈለገችው ሁሉ በእጇ ነው፤ ሳቂታም ጥፋቱን በገዛ አፏ ተሸክማለች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

መንገድ ላይ ሳቂታ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ «ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ጣልኩት ነው የምላቸው፤ በቃ ጣልኩት» ትላለች። መርማሪዋ አጠገቧ ትራመዳለች። ሁለት ጊዜ፣ «ስሚ» ብላ ጀመረች፤ ሁለት ጊዜም ተወችው። አባባ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ሳቂታ ቆመች።

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እኔ ልግባ» አለች መርማሪዋ።

«አንቺ ምን አጠፋሽና?»

መርማሪዋ በሩን ገፋ አደረገችው። አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሜትሩ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው፤ እጆቻቸው የሚይዙት አጥተው ጉልበታቸው ላይ ተጋድመዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«መጣችሁ? እስቲ አሳዩኝ፤ ሁለታችንም ገባን?»

በሩ በራሱ የሚመለስ በር ነው። መርማሪዋ ወደ ኋላ ዘርግታ በእጇ ያዘችው፤ ደጅ የቆመችው ጓደኛዋም እንድትሰማ ክፍት እንዳደረገችው ቆመች።

«አባባ» አለች፣ ጮክ ብላ። «ሐሙስ ለት ያደረግኩት ነገር አለ።»