ሳሩ እንዴት ነው?

«ሳሩ እንዴት ነው?» አለ አባቷ አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ አልታዘዝ ያለውን ግራ እጁን በቀኙ እያሸ።

«ደህና ነው፣ አባባ» አለች ሚጣ ሳህኑን እያነሳች።

ውሸቱን አፏ ለምዶታል። ያስለመደቻት እናቷ ናት፤ «ልቡ ደካማ ነው፣ ለምለም ነው በይው፤ ምን ቸገረሽ?» ብላ።

የአባቷ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ደጅ የሆነውን አያውቅም። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ የቧንቧ ውሃ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። አባቷ ሳይታመም ያሳመረው ሳር አመድ መስሏል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ሚጣ የልብስ ማለቅለቂያውን ውሃ አጠራቅማ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢው ውስጥ ካሉት ሁለት የማንጎ ዛፎች ለትልቁ ብቻ ታጠጣለች። ሥሩ ላይ ቀስ እያለች ታፈስና እርጥበቱ እንዳይተን በድርቆሽ ትሸፍነዋለች። ትንሹን ላለማየት ፊቷን ታዞራለች። ብታካፍላቸው ሁለቱም እንደሚሞቱ ገብቷታል።

«ነገ ደጅ አውጡኝ» አለ አባቷ። «ሳሬን ልየው።»

በማግስቱ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ታላቅ ወንድሟ የመጠጥ ውሃው በርሜል ላይ ጎማ ሰክቶ ሳሩን ሲያጠጣ ደረሰችበት።

«ምን እየሠራህ ነው? የምንጠጣው እኮ ነው!»

«አታካብጂ ባክሽ። ትንሽ እርጥብ ይምሰል፤ አባባ ለአንድ ቀን እንኳ ደስ ይበለው።»

«በዚህ ፀሐይ? ገና ሳታፈሰው ተንኖ ያልቃል። ደግሞ ሳሩ ሞቷል።»

«እና ምን ልንለው ነው? ስትዋሺው የከረምሽው አንቺ ነሽ!»

ውሃው አቧራው ላይ እየተድቦለቦለ ሲንከባለል አየችው። ጎንበስ ብላ የበርሜሉን ቧንቧ ዘጋች።

ወደ አባቷ ክፍል ስታመራ እናቷ በሩ ላይ ክንዷን ያዘቻት። «ተይ ልጄ፣ ትገድይዋለሽ!»

ሚጣ ክንዷን አስለቅቃ ገባች።

«አባባ፣ ሳሩ ደርቋል። ከደረቀ ቆይቷል። ስዋሽህ ነበር።»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጣቶቹ ብርድ ልብሱን ጨመደዱት።

«ማንጎዎቹስ?» አለ ፊቱን ሳይመልስ።

«ትልቁ አለ። ለትንሹ... ውሃው አልበቃ አለኝ።»

«በሁለት እጄ የተከልኩት የመጨረሻው እሱ ነበር።»

ደግ አደረግሽም፣ ክፉ አደረግሽም አላላትም።

«እንግዲህ መውጣቱ ዛሬ ይቅርበት» አለች ተከትላት የገባችው እናቷ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ሚጣ ግን ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋች። ወንድሟን ጠራችው። «በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

አባቷ ቀኝ ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ሲያነሱት እንዴት እንደቀለለ ተሰማትና ደነገጠች። ከዚያ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከፈተችው።